የፎቶው ጀርባ ወደ ፊት ሲመጣ

ፍሬም ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። አንዱ «ስንት ያስከፍላል?» ነው። እሱን መመለስ ቀላል ነው። ሁለተኛው «ከሥሩ ጽሑፍ ታስገባልኛለህ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ወንበር ስቤ አስቀምጠዋለሁ። ወሬው ረጅም ነው።

ጎንደር ውስጥ ሰው ቤት ስትገቡ ግድግዳውን ልብ ብላችሁ እዩ። አንዱ ስሙን ፎቶው ላይ አጽፎታል፤ ገዋን የለበሰችው ተመራቂ ደረት ላይ ወርቃማ ፊደል ተጋድሟል። ሌላው ስቲከር አስቆርጦ መስታወቱ ላይ ለጥፏል፤ ትንሽ ሲቆይ የአንዱ ፊደል ጫፍ ተነስቶ አቧራ ይይዛል። ነሐስ የምትመስል ታርጋ አሠርቶ እንጨቱ ላይ የቸነከረም አለ። ሁሉም ሥራቸውን ይሠራሉ። የእኔ ልብ ያለው ግን በፎቶውና በፍሬሙ መካከል የሚገባው ወፍራም ካርቶን ላይ ነው። ማትቦርድ የሚባለው።

ማትቦርድ ለጌጥ ብቻ የሚገባ ይመስላቸዋል፤ አይደለም። ትልቁ ሥራው ፎቶውን ከመስታወቱ ማራቅ ነው። ክረምት ላይ እርጥበት በፎቶውና በመስታወቱ መሀል ይገባል። መሀላቸው ክፍተት ከሌለ የፎቶው ፊት መስታወቱ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ እላቀዋለሁ ያለ ሰው የአባቱን ግማሽ ጉንጭ መስታወቱ ላይ ትቶት ይነሳል። ማትቦርዱ ያቺን ትንሽ ክፍተት ይሰጣል። የተለመደው ውፍረት 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሙሉው ቅጠል 81 በ102 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከላይ ቀለም ያለው ስስ ወረቀት፣ መሀሉ ላይ ነጭ ልብ፣ ከኋላ ደግሞ ሌላ ስስ ወረቀት አለው። ፎቶው የሚታይበት ቀዳዳ፣ መስኮቱ የምንለው፣ በ45 ዲግሪ ተሰይፎ ሲቆረጥ ነጩ ልብ ይወጣል። ፎቶውን ዙሪያውን የምታቅፈው ቀጭን ነጭ መስመር እሷ ናት።

ርካሽና ውድ አለው። ርካሹ ከእንጨት ነው የሚሠራው። እንጨት ውስጥ ያለው ሊግኒን የሚባል ነገር በደንብ ካልወጣለት እያደር አሲድ ይፈጥራል። ያቺ ነጭ ጠርዝ ትቢጫለች፣ ከዚያ ቡናማ ትሆናለች፣ ፎቶው ላይም ጥላዋን ታሳርፋለች። ውዱ ከጥጥ ወይም በደንብ ከተጣራ ሴሉሎስ ተሠርቶ አሲዱን የሚያረክስ ካልሲየም ካርቦኔት ይጨመርበታል። ለስልክ ፎቶ የትኛውም ቢሆን ግድ የለኝም፤ ሌላ ማሳተም ይቻላል። አንድ ብቻ ለቀረ አሮጌ ፎቶ ግን ርካሹን አላስጠጋም።

እንግዲህ ይህን ካርቶን ፕሪንተር ውስጥ ከትቶ ማተም ነው ያለው? ብዙ ሰው የሚያስበው እንደዚያ ነው። ፎቶ ቤቶች የሚወዱት ኤፕሰን ኤል 1800 ስድስት ቀለም አለው፣ ከኤ3 ትንሽ ከፍ ያለ ወረቀትም ያትማል። ግን የተሠራው ለወረቀት ነው። ወረቀቱን ጎማዎቹ ይነክሱትና አጎንብሰው ወደ ውስጥ ይስቡታል። ማትቦርድ ደግሞ ማጎንበስ አያውቅም፤ ይሰበራል እንጂ። ሌዘር ፕሪንተርማ ጭራሽ አይሆንም። ዱቄት ቀለሙን የሚያቀልጠው ክፍል ወደ 200 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት አለው፣ መንገዱም ጠመዝማዛ ነው።

ቀጥ ያለ መንገድ ያላቸው አሉ። ኤፕሰን ፒ800 ለምሳሌ ከፊት ለፊቱ በሚከፈት በር እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቀበላል። የተለመደው ማትቦርድ እዚያ በር ላይ ለጥቂት ያልፋል። ሲያልፍ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። የፎቶ ወረቀት ፊቱ ላይ ቀለሙን የሚይዝ ቅብ አለው። ማትቦርድ የለውም። ስለዚህ ቀለሙ ይሰምጣል፣ ወደ ጎንም ይሸሻል። ጥቁሩ አመድ ይሆናል፣ ቀዩ ይደበዝዛል። ቅብ ገዝቶ በብሩሽ መቀባት ይቻላል፤ የብሩሹ መንገድ ግን ይታያል፣ ቦርዱም ከእርጥበቱ ይጎብጣል።

ደግሞ ነጭ ቀለም የሚባል ነገር የለም። የቤትና የፎቶ ቤት ፕሪንተር ነጭን የሚያገኘው ከወረቀቱ ነው። ክሬም ቦርድ ላይ ካተምክ ነጭህ ክሬም ነው። ጥቁር ቦርድ ላይ ካተምክ ደግሞ ምንም አላተምክም።

ለዚህ ሁሉ መላ ያለው ፍላትቤድ ዩቪ ፕሪንተር ነው። የስልክ ሽፋን፣ ታርጋ፣ እስክርቢቶ፣ የስጦታ ሰዓት የሚታተምበት ማሽን። ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ይተኛል፣ የሚንቀሳቀሰው ከላይ ያለው ሄድ፣ ቀለሙን የሚረጨው ክፍል፣ ነው። ቀለሙ እንደወረደ የአልትራቫዮሌት መብራት ይከተለውና እዚያው ያደርቀዋል። አይሰምጥም፣ አይሸሽም። ነጭ ቀለምም አለው፤ መጀመሪያ ነጭ ያነጥፋል፣ ከዚያ በላዩ ላይ ሌላውን። ጥቁር ቦርድ ላይ ክሬም ፊደል ማየት የፈለገ ሰው ከፕሪንተር በኩል ሌላ ምርጫ የለውም ማለት ይቻላል።

የማሽኑ ባለቤቶች ግን ካርቶን ይዤ ስመጣ ፊታቸው ይጠቁራል። እውነት አላቸው። ሄዱ ከዕቃው በላይ የሚሄደው በሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ልዩነት ነው። የቦርዱ አንድ ማዕዘን ትንሽ ቀና ካለ ይገጨዋል። ሄድ ደግሞ የማሽኑ ውዱ አካል ነው። «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ጎብጧል፤ ሄዴን ልታስበላኝ ነው?» ያለኝ ልጅ አለ። ቦርዱን መስታወት ላይ አጋድመን በጎን አየነው፤ እውነትም ጎብጧል። ሐምሌ ነበር። ማትቦርድ በአንድ ፊቱ እርጥበት ከጠጣ ወደ ሌላው ፊት ይታጠፋል። አሁን ክረምት ላይ ቦርዶቼን በላስቲክ ጠቅልዬ ጠፍጣፋ ክብደት ሥር አሳድራቸዋለሁ። ማሽኑ ላይ ደግሞ ከሥር የሚስበው አየር ብቻውን ስለማይበቃ አራቱንም ጠርዝ በቴፕ እናሲዘዋለን። ከዚያ ወዲህ ተስማምተናል። ሻይ የሚጋብዘኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ ፊደሉ ልምጣ። ስለ ፍሬም ሥራ የሚያወሩ የውጭ ሰዎች የማይገጥማቸው ጉዳይ ነው።

ፊደላችን ቀለበት ይወዳል። ኃምሱን አስቡት፦ ሌ፣ ሜ፣ ቤ፣ ቴ፣ ኔ። ሁሉም እግራቸው ላይ ትንሽ ቀለበት አለች። ሣልሱ ላይ ደግሞ በቀለበቷ ቦታ ትንሽ ሰረዝ ነው ያለው፦ ሊ፣ ሚ፣ ቢ፣ ቲ፣ ኒ። ቀለሙ ትንሽ ሲሸሽ ቀለበቷ ትደፈናለች። ስትደፈን ሰረዝ ትመስላለች። አቤል ሄዶ አቢል መጣ ማለት ነው። ኃይሌ ኃይሊ ይሆናል። የ«መ» ሁለት ዓይኖችም ይታወራሉ። ከሩቅ ላየው ሰው ምንም አይደለም። ስሙ ለተጻፈለት ሰው ግን በየቀኑ ሳሎኑ ውስጥ የሚያየው ስድብ ነው።

ስለዚህ ቀለም በሚጠጣ ቦርድ ላይ ሲሆን ፊደሉን አላወፍርም። ደንበኛው «ቦልድ አድርገው» ይላል። እምቢ እላለሁ። ፊደሉ እንዲጎላ ከተፈለገ መጠኑ ይተልቅ እንጂ አይወፍር። ኃምስ ያለበትን ስም ከ16 ነጥብ (ፖይንት) መጠን በታች አላወርድም። ፎንትም እመርጣለሁ። አቢሲኒካ የብራና እጅ ጽሑፍን መልክ የተከተለ ነው፤ ክሬም ቦርድ ላይ ያምራል። ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ኒያላም መልካም ነው፣ ቀጭን መስመሮቹ ግን ሻካራ ቦርድ ላይ ሲወርዱ ይቆራረጣሉ። ዩቪ ላይ ሁለቱም ይወጣሉ።

ፋይሉስ? ይሄ ራሱን የቻለ መከራ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መለያ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ግን ዛሬም በድሮዎቹ ፎንቶች የሚጽፍ አለ። ያን ፋይል በፍላሽ ይዤ ማተሚያ ቤት ስሄድ ኮምፒውተሩ ላይ የሚወጣው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው። ስለዚህ ፊደሉን ወደ መስመር፣ ማለትም ወደ ከርቭ ቀይሬ በፒዲኤፍ ነው የምልከው። ከዚያ በኋላ ማንም ፎንት ይኑረው አይኑረው እኔን አያገባኝም።

የአንድ ክፍል ተማሪዎች ተሰብስበው አንድ ዓይነት ሲያሠሩ ደግሞ ስክሪን ፕሪንት ያዋጣል። የተወጠረ ጨርቅ ላይ ብርሃን የሚያደርቀው ቅብ ይቀባል። ጽሑፉ በጥቁር የታተመበት ላስቲክ ይነጠፍበትና ፀሐይ ላይ ይወጣል። የእኛ ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። ዘንግቶ ትንሽ ያቆየው ሰው ፊደሉም አብሮ ይደርቅበታል። ብርሃን ያልነካው በውኃ ይታጠባል፣ ቀለሙም በዚያ ቀዳዳ ያልፋል። የስክሪን ወርቅማና ነጭ ቀለም ጥቁር ቦርድ ላይ ድምቀቱ ልዩ ነው። ችግሩ አንድ ስክሪን አንድ ጽሑፍ ብቻ ማውጣቱ ነው። የትምህርት ክፍሉና ዓመቱ የጋራ ነው፣ ስሙ ግን የየራስ ነው። ስለዚህ የጋራውን በስክሪን፣ ስሙን በዩቪ እንጨምራለን። ወይም ባዶ ቦታ ትተን ጽሕፈቱ የሚያምር ሰው በብዕር ይጽፍበታል። እኔን ከጠየቃችሁ የብዕሩ ይበልጥብኛል፤ ተማሪዎቹ ግን አይስማሙም።

ማሽንም ስክሪንም ለሌለው ሰው ሦስተኛ መንገድ አለ። በጥሩ ወረቀት ላይ አትሞ ወረቀቱን እንዳለ ማትቦርዱ ላይ መለጠፍ፣ ከዚያ መስኮቱን ሁለቱን አንድ ላይ መቁረጥ። «ይሄማ ማጭበርበር ነው» የሚሉኝ አሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ግቡና እዩ እላቸዋለሁ። የዚያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል በቀጥታ ግድግዳው ላይ አልተሣለም፤ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው። ማን አጭበረበረ አለው? እዚያው ሳላችሁ ደግሞ ሥዕሉን ብቻ አትዩ። ከሥዕሎቹ አጠገብ የተጻፈውንም አንብቡ። የእኛ ሠዓሊ ሥሎ ዝም አይልም፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እየሆነ እንዳለ እዚያው ይጽፋል። «ዘከመ» ብሎ ይጀምርና ይነግራችኋል። ሥዕልና ጽሑፍ አንድ ገጽ ላይ መዋላቸው ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

አንድ እናት ይዘውት የመጡት ፎቶ ነው ስለዚህ ጉዳይ ያለኝን ሐሳብ ያጠራልኝ። ፎቶው ከፖስት ካርድ አይበልጥም፣ ጥቁርና ነጭ ነው። አንድ ወጣት ነጭ ጋውን ለብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል። የዛሬው ዩኒቨርሲቲያችን በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆኖ ነው የጀመረው፤ ልጁም የዚያ ኮሌጅ ተማሪ ነበር። ወንድማቸው ነው። ዛሬ የለም።

እናትየዋ ፎቶውን ገልብጠው ጀርባውን አሳዩኝ። በሰማያዊ ቀለም፣ ወደ ቀኝ ባዘነበለ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ለምወድሽ እህቴ መታሰቢያ ይሁንሽ። ጎንደር፣ ግንቦት 1958 ዓ.ም.»

«ልጄ፣ ፍሬም ስታስገባው ይቺን ጽሑፍ እንዳትሸፍንብኝ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ፎቶው ወደ ፊት ከዞረ ጽሑፉ ግድግዳውን ነው የሚያየው።»

«እኮ! ምን ይሻላል ታዲያ?»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። የድሮ ፎቶ ሁሉ ጀርባ አለው። ለማን እንደተሰጠ፣ የት እንደተነሱት፣ መቼ እንደሆነ እዚያ ይጻፋል። ፎቶውን ፍሬም ውስጥ ስናስገባው ግማሹን ነገር ከግድግዳው ጋር እንቀብረዋለን። የስልክ ፎቶ ደግሞ ጭራሽ ጀርባ የለውም። ሰዎች ማትቦርዱ ላይ ጻፍልኝ የሚሉኝ ለካ ለፎቷቸው ጀርባ እየፈለጉለት ነው።

ጽሑፉን በ600 ዲፒአይ ስካን አደረግኩት። የወረቀቱን ቢጫነት አጠፋሁ፣ የብዕሩን መስመር ግን አልነካሁትም። «መታሰቢያ» ላይ ሲደርስ ቀለም አልቆበት እንደገና ነክሯል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወፍራም ነው። እሱንም አላስተካከልኩም። መጠኑን አላሳደግኩም፤ ሰውየው በጻፈው ልክ ነው የታተመው። ቀለሙ ላይ ተከራከርን። እኔ ቡናማ ይሁን አልኩ፣ ከፎቶው ጋር ይሄዳል። እሳቸው «እስክርቢቶው ሰማያዊ ነበር» አሉ። ለዓይን ቡናማው ይሻል ነበር፤ አሁንም እንደዚያ ነው የማስበው። ፎቶው ግን የእሳቸው ነው። ሰማያዊ ሆነ።

ዩቪ ቀለም ከቦርዱ በላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚደርቀው። ብዙ ጊዜ ይህን አልወደውም፤ ትልልቅ ፊደል ላይ ፕላስቲክ ያስመስለዋል። እዚህ ግን መስመሩ ቀጭን ነበረና ለዓይን አይታይም፣ ለጣት ብቻ ነው የሚታወቀው። እትዬ መስታወቱ ከመግባቱ በፊት በአመልካች ጣታቸው ከ«ለምወድሽ» እስከ «ይሁንሽ» ድረስ ተከተሉት። አንዴ ሄደው እንደገና ጀመሩት።

ዋናው ፎቶ በማጣበቂያ አልተለጠፈም። ከላይ በሁለት ስስ የወረቀት ማንጠልጠያ፣ በስንዴ ስታርች ሙጫ ብቻ ነው የተያዘው። ወረቀት እርጥበት ሲጠጣና ሲደርቅ ይንቀሳቀሳል፤ አራቱንም ጎን ከያዙት ይጨማደዳል። ነገ ልጅ ልጃቸው አውጥቶ ጀርባውን ማየት ቢፈልግ ሙጫው በውኃ ይለቃል።

ስለ ምስል ደግሞ ሌላ አቋም ነው ያለኝ። የምርቃት ሰሞን የሚመጡት ልጆች ማትቦርዱ ሙሉውን የፋሲል ግንብ እንዲሆን ይፈልጋሉ። መሀል ላይ እነሱ፣ ዙሪያውን ግንብ። ኮምፒውተር ላይ ሲያዩት ደስ ይላል። ሲቆረጥ ግን ያቺ ነጭ ጠርዝ ግንቡን ከመሀሉ ትሰነጥቀዋለች። ምስሉ ከማትቦርዱ ወደ ፎቶው እንዲቀጥል አድርጌ ልገጥም ብል ግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት ያጋልጠኛል። ወፍራም የዩቪ ቀለም ያረፈበት ቦታ ላይ ምላጭ ሲያልፍ ደግሞ ቀለሙ ጠርዙ ላይ ይፈረፈራል። ከሁሉ በላይ ግን ተመራቂዋ ትጠፋለች። ዓይን ወደ ግንቡ ይሄዳል። ግንቡ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ አለ፤ የእኔ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። እሷ ናት ገና የምትተዋወቀው።

በጣም ከለመኑኝ የግንቡን መስመር ብቻ፣ ከቦርዱ ቀለም ትንሽ ጠቆር ባለ ቀለም፣ አንድ ማዕዘን ላይ አደርገዋለሁ። ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ያገኘዋል። ጥምቀት ላይ የተነሱት ፎቶም እንደዚያው ነው። ባሕረ ጥምቀቱ ፎቶው ውስጥ እየታየ «ጥምቀት በጎንደር» ብሎ መጻፍ ምን ይጠቅማል? ጥር 11 እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ይልቅ ዓመቱንና ከጎን የቆሙት እነማን እንደሆኑ ብታጽፉ ይሻላል። ያ ነው የሚረሳው።

አሠራሩን ለሚጠይቁኝ ጥቂት ልበል። ፎቶው 20 በ30 ነው እንበል። መስኮቱ በየጎኑ ሦስት ሚሊ ሜትር መያዝ ስላለበት 19.4 በ29.4 ይሆናል። ቦርዱን 34 በ46 ብቆርጠው ግራና ቀኝ 7.3፣ ከላይ 7.3፣ ከታች 9.3 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ከታች የሚሰፋው ለጽሑፉ ብቻ አይደለም። እኩል የሆነ እንደሆነ ፎቶው ወደ ታች የወረደ ይመስላል። ጽሑፉ ደግሞ መሀል ላይ አይቀመጥም፤ ወደ መስኮቱ ጠጋ ይላል። ወደ ፍሬሙ ከተጠጋ የእንጨቱ እንጂ የፎቶው ጽሑፍ አይመስልም። የፍሬሙ ከንፈር ዙሪያውን አምስት ስድስት ሚሊ ሜትር እንደሚበላም አትርሱ።

መጀመሪያ ይታተማል፣ ከዚያ ይቆረጣል። መስኮቱ አስቀድሞ የተቆረጠ ቦርድ ፕሪንተር ውስጥ ቢገባ ጠርዙ ይይዛል። ግን መቁረጡ ከጀርባ ነው፤ የታተመው ፊት ወደ ታች ዞሮ አይታይም። መስኮቱ ከጽሑፉ ጋር እንዴት ይስተካከላል ታዲያ? ዘዴው የድሮ ጸሐፍት ዘዴ ነው። ብራና የሚጽፍ ሰው መስመሩን ከማስመሩ በፊት ዳርና ዳሩን በወስፌ ይበሳል፤ ቀዳዳው ከፊትም ከጀርባም ስለሚታይ መስመሮቹ ይገጣጠማሉ። እኔም ተቆርጦ በሚወድቀው ክፍል ውስጥ፣ አራቱ ማዕዘን ላይ ትንንሽ ነጥብ አብሬ አትማለሁ። በመርፌ እበሳቸዋለሁ። ቦርዱን ስገለብጠው አራቱ ቀዳዳዎች ቦታውን ያሳዩኛል። ሥሩ ንጹሕ ወረቀት መነጠፍ አለበት፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የታተመውን ፊት ትጭረዋለች።

ከማሽን፣ ከቀለም፣ ከምላጭ ሁሉ በላይ ጊዜ የሚፈጀው ግን ፊደል ማረም ነው። ቦርድ ላይ የታተመ አይፋቅም። ስለዚህ ጽሑፉን መጀመሪያ በተራ ወረቀት በልኩ አትሜ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። ደንበኛው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ከሥሩ ይፈርማል። በቴሌግራም ሲያጸድቁ አልቀበልም፤ በስልክ ላይ ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል። ፀሐይ በየትኛው «ፀ»? ሥላሴ በንጉሡ «ሠ» ነው ወይስ በእሳቱ «ሰ»? መታወቂያው አንድ ይላል፣ የክርስትና ካርዱ ሌላ ይላል፣ የትምህርት ማስረጃው ሦስተኛ ይላል። ዓመቱን በግዕዝ ቁጥር አድርገው የሚሉም አሉ። ፲፱፻፶፰ ብሎ ማየት ያምራል፤ ልጆቻችሁ ያነቡታል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ይስቃሉና ወደ 1958 ይመለሳሉ።

ባለፈው ሁለት ወንድማማቾች የሟች አባታቸውን ፎቶ ይዘው መጡ። የአባትየው ስም ዓለሙ ነው። ታላቁ በዓይኑ «ዐ» ነው አለ፣ ታናሹ በአልፋው «አ» ነው አለ። የቤቱ ካርታ ላይ በአንዱ፣ የጡረታ ደብተራቸው ላይ በሌላው ነው የተጻፈው። ሁለቱም ወረቀት ማህተም አለው። አክስታችንን ጠይቀን እንመጣለን ብለው ሄዱ። አክስቲቱ አዘዞ ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ የኔታን እጠይቃለሁ ብለዋል አሉኝ በስልክ። ቦርዱ በልኩ ተቆርጧል፣ ፋይሉ በሁለቱም ዓይነት ተዘጋጅቷል። ቀብድ ከፍለዋል።